ቅጠል፣ ኩላሊትና የደም ሥር፦ በጉለሌ የአንድ ምርምር ታሪክ

ኩላሊት ከምንም በላይ የደም ሥሮች ስብስብ ነው። ከወገብ ከፍ ብሎ በጀርባ በኩል ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ ኩላሊቶች እያንዳንዳቸው የጭብጥ ያህል ናቸው፤ ክብደታቸውም 150 ግራም ገደማ ነው። ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው ደም ውስጥ ግን አንድ አምስተኛው ያህል ወደ እነሱ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። የእያንዳንዱ ኔፍሮን መነሻ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ፣ እንደ ክር ልቃቂት የተጠቀለሉ የደም ሥሮች ናቸው። በእነዚህ በኩል በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጣራል። ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ሲሆን የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

ከዚህ አሠራር የተነሣ የኩላሊትና የደም ሥር ጤና ተለያይቶ አይታይም። ከፍተኛ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ሲጎዱ ኩላሊት ይደክማል። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ጨውና ውኃ በሰውነት ይከማቻል፣ የደም ግፊት ይበልጥ ይወጣል፣ የደም ቅዳ ግድግዳ ካልሲየም እየያዘ ይደነድናል። ብዙ የኩላሊት ሕሙማን ሕይወታቸው የሚያልፈው በኩላሊቱ መቆም ሳይሆን በልብ ሕመምና በስትሮክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ዝምድና ለመረዳትና ለማከም በኢትዮጵያ የተደረገው ጥረት ትልቅ ክፍል በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ሕዝቡ «ፓስተር» በሚለው ሰፈር የአገሪቱ ዋና የጤና ምርምር ተቋም አለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። በሰሜን ምዕራብ ተራራው ላይ ደግሞ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ተንጣሏል። ላብራቶሪው፣ ሆስፒታሉና የእጽዋት ማዕከሉ በተለያየ ዘመን፣ ለተለያየ ዓላማ የተቋቋሙ ናቸው። የኩላሊትና የደም ሥር ምርምር ግን ሦስቱንም ይፈልጋል።

ከዕብጠት እስከ ደም ግፊት

የኩላሊት በሽታ ጥናት ገና ከጥንቱ ከእጽዋት ጋር የተያያዘ ነው። በጥንት ዘመን በእግርና በሆድ ውኃ የሚቋጥር ሕመም ሁሉ አንድ በሽታ ይመስል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በሽሮፕሻየር አውራጃ የምትኖር አንዲት ባሕላዊ መድኃኒት አዋቂ ከምትቀምመው ከሃያ በላይ ዕፅ የተቀላቀለበት መድኃኒት ውስጥ የሚሠራው ዲጂታሊስ የተባለው ተክል መሆኑን ለየ። በየትኛው ሕመምተኛ ላይ እንደሠራና በየትኛው ላይ እንዳልሠራ መዝግቦም እ.ኤ.አ. በ1785 በመጽሐፍ አወጣ። ዲጂታሊስ የሚያሽለው ዕብጠቱ ከልብ ድካም የመጣበትን ሰው ነበር፤ ሌላው ዓይነት ዕብጠት ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆየ።

ምክንያቱን የገለጠው በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል የነበረው ሪቻርድ ብራይት ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፤ የሕመምተኛውን ሽንት በማንኪያ አድርጎ ከሻማ ነበልባል በላይ ያሞቀዋል። ሽንቱ እንደ እንቁላል ነጭ ከረጋ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን አለበት ማለት ነው። ከሞቱት ሕሙማን ላይ ኩላሊታቸውን ሲመረምርም የተኮማተረና የጠጠረ ሆኖ አገኘው። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1827 ካሳተመ በኋላ በ1836 ሌላ ነገር ጨመረ፤ የእነዚህ ሰዎች ልብ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ገዝፎ ነበር። ኩላሊትና የደም ሥር በአንድ በሽታ መያያዛቸው በሕክምና መጽሐፍ በግልጽ የሰፈረው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ግኝቶች ተራ በተራ የዚህን ትስስር መንገድ አሳዩ። በዚያው በጋይስ ሆስፒታል ፍሬድሪክ አክባር ማሆመድ በ1870ዎቹ የደም ግፊት ከፍ ማለት ሽንት ላይ ፕሮቲን ከመታየቱ ሊቀድም እንደሚችል አስተዋለ። በ1896 ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰረውን የግፊት መለኪያ ሠራ፤ በ1905 ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በማዳመጫ መለካት የሚቻልበትን ስልት ጨመረበት። በ1898 በስዊድን ሮበርት ቲገርስቴትና ፔር በርግማን ከጥንቸል ኩላሊት የተወሰደ ጭምቅ የደም ግፊትን እንደሚያወጣ አሳዩ፤ ንጥረ ነገሩንም ሬኒን አሉት። በ1934 አሜሪካዊው ሃሪ ጎልድብላት ወደ ውሻ ኩላሊት የሚገባውን የደም ቅዳ በብር መቆንጠጫ አጠበበና ደሙ ያነሰበት ኩላሊት የመላ ሰውነትን ግፊት እንደሚያንር አረጋገጠ።

ዛሬ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚታዘዘው የደም ግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል የዚህ ሰንሰለት ውጤት ነው። ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬይራ በ1960ዎቹ ከአገሩ እባብ መርዝ አንድ ንጥረ ነገር ለየ፤ ንጥረ ነገሩ ሬኒን የሚያስነሣውን ሂደት እንደሚያግድም ኋላ ታወቀ። ከዚያ በመነሣት ካፕቶፕሪል፣ ቀጥሎም ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ተሠሩ። እነዚህ መድኃኒቶች ግፊትን ከመቀነሳቸው ሌላ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ጫና ስለሚያቀሉ የኩላሊትን መድከም ያዘገያሉ። በዓለም ላይ የታወቁ የደም ሥር መድኃኒቶች ብዙዎቹ የተገኙት ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከአፈርና ከእንስሳ ነው። ጥያቄው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ያለው ሀብትስ ምን ይዟል የሚል ነበር።

ፓስተር፦ የባሕል መድኃኒት ወደ ላብራቶሪ ሲገባ

በኢትዮጵያ የመድኃኒት ዕውቀት ከቤተ ክህነት ሊቃውንት፣ ከባሕል ሐኪሞችና ከቤት እመቤቶች እጅ ነበር። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት ለየሕመሙ የሚሆነውን ሥርና ቅጠል ይዘረዝራሉ። ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹን ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ አሳትሟቸዋል። ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁ ደግሞ በ1993 የሰሜን ኢትዮጵያን የመድኃኒት እጽዋትና የሕክምና ልማድ በአንድ መጽሐፍ አቅርበዋል።

ባሕላዊው ዕውቀት ግን ሕመምን የሚለየው በሚታይ ምልክት ነው። ዕብጠት፣ የሽንት መቆም፣ የወገብ ውጋት ይታያሉ፤ የደም ግፊት ያለ መለኪያ፣ የኩላሊት መድከም ያለ ደምና ሽንት ምርመራ አይታዩም። ኩላሊት ከአቅሙ ብዙውን እስኪያጣ ድረስ ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ሊሠራ፣ ሊያርስ፣ ሊነግድ ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለት ሕመሞች የሚሆን መድኃኒት ለመፈለግ አዋቂውን ከላብራቶሪው ማገናኘት ግድ ነበር።

ይህ ግንኙነት በኢትዮጵያ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ቀድሞ ያሳየው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ስለነበሩ እንዶድ የበሽታው መከላከያ ሆኖ ተጠና። ከቢልሃርዝያ ዓይነቶች አንዱ የሽንት ቧንቧንና ፊኛን እያቆሰለ ኩላሊትን እስከ መጉዳት የሚደርስ ነው። አክሊሉ ከባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል።

በጉለሌ ያለው ተቋም መነሻው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማዕከላዊ የላብራቶሪና የምርምር ተቋም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትና ከባሕል መድኃኒት ጥናት ክፍል ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚለውን ስም ያዘ። ከውሕደቱ በኋላ ለረጅም ዓመታት የእጽዋት ኬሚስቶች፣ የመድኃኒት ሊቃውንትና የበሽታ ተመራማሪዎች በአንድ ግቢ መሥራታቸው ለኩላሊትና ለደም ሥር ምርምር በር ከፈተ።

ዶቅማ፣ ሽፈራውና ጦስኝ

ከተመረመሩት እጽዋት አንዱ ዶቅማ ነው፤ ሕዝቡ ለደም ግፊት ይጠቅማል ብሎ ቅጠሉን ይጠቀምበታል። ከጉለሌው ተቋም ቀልቤሳ ኡርጋ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤፍሬም እንግዳወርቅ የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት በጎልድብላት ዘዴ ነው። የአይጡ አንድ ኩላሊት ይወጣል፤ ወደ ቀሪው ኩላሊት የሚገባው የደም ቅዳ በመቆንጠጫ ይጠባል። ደሙ ያነሰበት ኩላሊት ሬኒን ሲያመነጭ የአይጡ ግፊት ይወጣል። ከዶቅማ ቅጠል የተዘጋጀው ጭምቅ ሲሰጠው ግፊቱ ቀነሰ። ከዚያ ለብቻው የወጣ የደም ቅዳ ቁራጭ በላብራቶሪ ፈሳሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ እንዲኮማተር ተደረገ፤ ጭምቁ ሲጨመርበትም ላላ። ቅጠሉ ግፊትን የሚቀንሰው ቢያንስ በከፊል የደም ሥርን በማላላት እንደሆነ ከዚህ ታወቀ።

ሽፈራው ከዶቅማ የበለጠ ተጠንቷል። በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ዛፍ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንንና ባልደረቦቻቸው የቅጠሉ ውኃ ጭምቅ በእንስሳት ላይ ግፊትን እንደሚቀንስ በ2012 አሳትመዋል። ቀጥሎ በጉለሌው ተቋም የተሠሩ ጥናቶች ሦስት ጥያቄዎችን ለያይተው አዩ። የመጀመሪያው ቅጠሉ የደም ሥርን ያላላል ወይ የሚል ሲሆን ከጊኒ ፒግ ደረት በተወሰደ የደም ቅዳ ላይ ተፈትኗል። ሁለተኛው የአይጥ ሽንት ይጨምራል ወይ፣ በሽንቱስ ጨው ይወጣል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰድ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል ወይ የሚለው ነው።

ይህ አከፋፈል ትርጉም አለው። ግፊት በተለያየ መንገድ ይወርዳል፤ የደም ሥር ሲላላ፣ ትርፍ ጨውና ውኃ በሽንት ሲወጣ፣ ወይም የሬኒን ሂደት ሲታገድ። የደም ሥር ራሱ የሚላላበት መንገድም አንድ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት በ1980 እንዳሳየው፣ የደም ቅዳ የውስጥ ሽፋን ጤናማ ሲሆን አንዳንድ መድኃኒት ሲነካው የሚያላላ ምልክት ያወጣል፤ ሽፋኑ ከተፋቀ ግን ያው መድኃኒት አያላላውም። ምልክቱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ኋላ ተደረሰበት፤ ግኝቱም በ1998 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በኩላሊት ሕሙማን ላይ ቀድሞ የሚበላሸው ይኸው የውስጥ ሽፋን ነው። አንድ ቅጠል ግፊትን የሚቀንሰው በሽፋኑ በኩል ይሁን በጡንቻው ካልታወቀ ለማን እንደሚጠቅም መወሰን አይቻልም።

በደጋ ተራሮች የሚበቅለውና ከሻይ ጋር የሚጠጣው ጦስኝም በዚሁ መንገድ ተመርምሯል። በኢትዮጵያ በአገር በቀልነቱ የታወቀው የወይራ ቅጠልም በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ጨው ግፊት በሚያወጣባቸው አይጦች ላይ ተሞክሯል። የእነዚህ ጥናቶች ውጤት ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም ብዙዎቹ ከእንስሳና ከላብራቶሪ ደረጃ አላለፉም። አይጥ ላይ ግፊት የቀነሰ ጭምቅ በሰው ላይ መጠኑ፣ ዘለቄታውና ጉዳቱ ካልታወቀ መድኃኒት አይባልም።

ኩላሊት እንደ ዳኛ

የዕፅ መድኃኒት ምርምር ኩላሊትን የሚመለከተው ለማዳን ብቻ አይደለም። ወደ ሰውነት የሚገባ ብዙው ነገር የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ መርዝ ያለው ዕፅ ጉዳቱን በቅድሚያ የሚያሳርፈው በዚያው ላይ ነው። በቤልጂየም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክብደት ለመቀነስ የተሸጠ የዕፅ ቅልቅል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በአጭር ጊዜ ከሥራ ወጣ። መንሥኤው በቅልቅሉ ውስጥ የገባ አሪስቶሎኪያ የተባለ ተክል ሆኖ ተገኘ፤ ብዙዎቹም ኋላ በሽንት ቧንቧ ካንሰር ታመዋል። ያ ተክል የገባው በስሕተት በሌላ ተክል ቦታ ተለውጦ ነበር።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው። ኩላሊቱ የደከመን ሰው ጤነኛውን የማይጎዳ ዕፅ ሊጎዳው ይችላል። ፖታሲየም የበዛበት ቅጠል የልብ ምቱን ሊያውክ ይችላል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ደግሞ አንዳንድ ዕፅ የመድኃኒቱን መጠን በደሙ ውስጥ ስለሚያወርደው አዲሱን ኩላሊት ሊያጣ ይችላል። ሐኪም ምን ዕፅ እንደተወሰደ ያለ ቁጣ መጠየቅ፣ ሕመምተኛም ያለ እፍረት መናገር የሚኖርባቸው ለዚህ ነው።

የእጽዋት ማዕከሉ ድርሻ

የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ተቋቋመ። በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተሞች ያረፈው ይዞታ 705 ሄክታር ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ነው። መሬቱ በአብዛኛው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነበር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የከተማዋን ማገዶና የቤት እንጨት ሲሸከም የኖረ ዛፍ ነው። በማዕከሉ የባሕር ዛፉን ቦታ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች እንዲይዙት ተተክለዋል፤ የመድኃኒት እጽዋትም ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ሥራውን ከመሩት አንዱ የእጽዋት ሊቁ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እሳቸው ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑበት የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ወስዶ 6,000 ያህል ዝርያዎችን መዝግቧል።

ለኩላሊት ምርምር የዚህ ሥራ ዋጋ ከዝርያ መለየት ይጀምራል። ጦስኝ የሚለው ስም ቢያንስ ሁለት የአገሪቱ ዝርያዎች አሉት፤ አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በመካከለኛውና በሌሎች ደጋዎች በብዛት ይገኛል። ሽፈራውም የደቡብ ኢትዮጵያው አንድ ዝርያ ሲሆን ከህንድ የመጣው ሌላ ነው፤ በገበያ ዱቄቱ ሲቀርብ ዓይን አይለየውም። አንድ ተመራማሪ ቅጠል ከመፍጨቱ በፊት ቅርንጫፉን አበባውን እንደያዘ በወረቀት መካከል ይጫናል፣ ያደርቃል፣ የተለቀመበትን ቦታና ቀን ይጽፋል። ከዚያ በብሔራዊው የዕፅ ሙዚየም ካለው ናሙና ጋር አስተያይቶ መለያ ቁጥር ያሰጠዋል። ያ ቁጥር ከሌለ ሌላ ተመራማሪ ሙከራውን መድገም አይችልም፤ የቤልጂየሙን ዓይነት አደጋም መከላከል አይቻልም።

ሌላው ድርሻ ማቆየት ነው። አንድ ቅጠል ለግፊት ይጠቅማል ተብሎ ሲወራ ከዱር ይነቀላል፤ ጦስኝ በሥሩ ተነቅሎ ለገበያ ሲቀርብ ተራራው ይራቆታል። ዘሩና ችግኙ በማዕከል ሲጠበቅ ምርምሩ የሚፈልገው ናሙና ይገኛል፣ ዝርያውም ከመጥፋት ይድናል።

ጳውሎስ፦ እጥበትና ንቅለ ተከላ

ምርምር መከላከል ያልቻለው ሕመም የሚደርሰው ሆስፒታል ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እርዳታ፣ ለድኾች እንዲሆን ተሠራ። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሕክምና ትምህርት ተጀመረበት፤ ከዚያም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ኩላሊቱ የቆመ ሰው ምርጫው ጠባብ ነበር። ቋሚ የኩላሊት እጥበት በግል ሆስፒታል ሲሰጥ ወጪው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነበር። እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሲሆን በኢትዮጵያ ብዙዎች በገንዘብ እጥረት በሁለት ጊዜ ይወሰናሉ። እጥበቱ ራሱ በደም ሥር ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ የተገለጸው ዘዴ በክንድ ላይ ያለውን የደም ቅዳ ከደም መልሱ ጋር በቀዶ ሕክምና ያገናኛል፤ ደም መልሱ በጫናው ሰፍቶና ጠንክሮ መርፌ የሚችል ይሆናል። የደም ሥሩ የተጎዳ ሰው ይህንንም ዕድል ያጣል። ንቅለ ተከላ የፈለገ ደግሞ ንብረቱን ሸጦ፣ ዘመድ ወዳጁን አስቸግሮ ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር።

ይህ የተለወጠው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የጳውሎስ ሐኪሞች ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን የኩላሊት ንቅለ ተከላዎች አደረጉ፤ ብሔራዊው የንቅለ ተከላ ማዕከልም ተመረቀ። በሁለቱ ተቋማት ትብብር ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር ሰናይት ፍሥሐ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ በቀዶ ሕክምናው ዶክተር ጄፍሪ ፓንች፣ በኩላሊት ሕክምናው ዶክተር ሞሚና አሕመድ ስማቸው ይነሣል። ሞሚና፣ በኒው ዮርክ የሚሠሩት ዶክተር ፋሲካ ቴድላና የሚሺጋን ባልደረቦቻቸው የሥራውን ሂደት እ.ኤ.አ. በ2019 በንቅለ ተከላ መጽሔት አቅርበዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ በላይ ሰዎች ከቅርብ ዘመዶቻቸው ኩላሊት ተቀብለዋል።

ንቅለ ተከላም በዋናው ነገሩ የደም ሥር ሥራ ነው። የታመሙት ኩላሊቶች ብዙ ጊዜ እንዳሉ ይተዋሉ። አዲሱ ኩላሊት በታችኛው የሆድ ክፍል ይቀመጥና የደም ቅዳው ወደ እግር ከሚወርደው ትልቅ የደም ቅዳ ጋር፣ ደም መልሱም ከጎኑ ካለው ደም መልስ ጋር ይሰፋል። ማሰሪያው ሲለቀቅ ግራጫ የነበረው ኩላሊት ደም ገብቶበት ይቀላል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ሽንት ማውጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ዕድሜ ልክ መድኃኒት ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሳይክሎስፖሪን ከኖርዌይ ተራራ አፈር በተገኘ ፈንገስ ውስጥ የታወቀ ነው። ይሁንና ሳይክሎስፖሪንና መሰሎቹ ራሳቸው የኩላሊትን የደም ሥሮች ሊያጠቡና ግፊት ሊጨምሩ ስለሚችሉ ክትትሉ አይቋረጥም።

ከመለካት የሚጀምር መከላከል

የጉለሌው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለኩላሊት ጤና ካበረከተው ትልቁ ምናልባት ከቅጠል ጋር የማይገናኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመላ አገሪቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎችን ግፊት፣ ክብደት፣ ደምና ሽንት የለካ ጥናት አካሄደ። ከመቶው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታወቀ፤ አብዛኞቹ አያውቁትም ነበር። በሽንት ምርመራ የተገመተው የቀን የጨው አወሳሰድ ከ8 ግራም በላይ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

ይህ ቁጥር ከንቅለ ተከላ ክፍል ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በካሊፎርኒያ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን የተከታተለ፣ በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የኩላሊት ሥራ ደረጃ በደረጃ ሲቀንስ የልብና የደም ሥር ሕመም፣ ሞትም በዚያው መጠን ይጨምራል። ጉዳቱ የሚጀምረው እጥበት ከሚያስፈልግበት ጊዜ እጅግ ቀድሞ ነው። ስለዚህ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ግፊት መለካት፣ የስኳር ሕመምተኛን ሽንት ለአልቡሚን መመርመር፣ ጨው መቀነስና የታዘዘን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ በገንዘብ ከሁሉ የረከሰ፣ በውጤት ግን የላቀ ሕክምና ነው። አንድ ንቅለ ተከላ የሚጠይቀው ገንዘብ፣ ባለሙያና ለጋሽ ሲታሰብ፣ ገና በጠዋቱ የተያዘ የደም ግፊት ለአገሪቱ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ግልጽ ይሆናል።

በጉለሌ የተሰባሰቡት ተቋማት ሥራ አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም። የእጽዋት ማዕከሉ ትክክለኛውን ተክል ለይቶ ያቆያል፤ ላብራቶሪው ቅጠሉ የደም ሥርን እንደሚያላላና ኩላሊትን እንደማይጎዳ ይፈትናል፤ ሆስፒታሉ ኩላሊቱ የቆመበትን ያክማል፣ ወደፊትም የሰውን ጤና በመከታተል የቅጠሉን ውጤት ሊያረጋግጥ ይችላል። የሚቀረው ትልቁ ሥራ በእንስሳት ላይ ተስፋ የሰጡትን እጽዋት በሰው ላይ በጥንቃቄ ወደሚደረግ ሙከራ ማድረስና የግፊት መለኪያን ወደ እያንዳንዱ ቀበሌ ማውረድ ነው። ሁለቱም ሥራዎች የሚጠይቁት ዕውቀት፣ ተክልና ባለሙያ በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ።